የማዶ ሰፈሩ ገመድ

ማክሰኞ

«ሳይቸግር ጤፍ ብድር» አለችኝ ሙሉ። ገና ገመዱን ከካርቶኑ ሳላወጣው ነው ባለቤቴ ተረቷን ያወጣችው። ከደሴ ሁለት ቀን ተጉዞ፣ በየኬላው ተፈትሾ የደረሰ ዕቃ ነው፤ መጀመሪያ ልየው አልኩ።

ያምራል። ውጭው ጥቁር ሰማያዊ ነው። እንደ አውራ ጣቴ ይወፍራል፣ ሲያጥፉት ይታጠፋል፣ ጫፎቹ ወርቅ ቅብ ናቸው። ነጋዴው በስልክ «ኦርጂናል ነው መምህር፣ ልዩነቱን በጆሮህ ትሰማዋለህ» ብሎኝ ነበር። በጆሮዬ እንደምመካ ማን እንደነገረው እንጃ። ገበያተኛ ሲገዛ ኪሱን ይዳብሳል፣ እኔ ጆሮዬን ዳበስኩ።

እሑድ በስብሰባ የሚጠይቀኝ አይጠፋምና ምክንያቴን እዚህ ልደርድረው። የቅሬያችን ጸሐፊ እኔ ነኝ። (ሌላው አገር ዕድር ይለዋል። እኛ ቅሬ ነው የምንለው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ነው የሚቀብረው።)

— ማይኩና አምፕሊፋየሩ ያሉት በእኛ በላይ ሰፈር፣ ቅሬው ቤት ውስጥ ነው።
— አንዱ ስፒከር እዚያው ጣራው ላይ ነው። ደህና ይሰማል።
— ሁለተኛው ከሸለቆው ወዲያ፣ ማዶ ሰፈር፣ ባሕር ዛፉ ላይ ነው። የተገናኘው በቀጭን የመብራት ገመድ ስለሆነ እዚያ የሚደርሰው ድምፅ ቀፎ ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ሰው ይመስላል። ማዶ ሰፈሮች «የእናንተ ንብ ምን አለች?» እያሉ ይቀልዱብናል።

ስለዚህ ጥሩ ገመድ ይገዛ አልኩ። የቅሬው ዳኛ ጋሽ ተፈራ «መምህር ካለ እሺ» አሉ። ሙስጠፋ ብቻ አልተዋጠለትም። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፣ ድሮ ፊዚክስ ያስተማርኩት። ለቤት መስመር የሚዘረጋው ወፍራም ገመድ እዚሁ ሱቅ አለ፣ ከበቂም በላይ ነው አለኝ። ድምፅና አምፖል አንድ አይደሉም ብዬ ተቆጣሁ። «ገመድ ሲረዝም ያደክማል፣ ሲወፍር ያቀላል ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት እኮ» አለ እየሳቀ። እውነቱን ነው፣ ብያለሁ። ስለ ወርቅ ቅብ ግን ያስተማርኩት ነገር የለም።

የአያ ይመርንም ነገር ልጻፍ። ሠላሳ ዓመት ጥሩምባ ነፍተው ቅሬውን የጠሩ ሰው ናቸው። ጉልበታቸው ስለደከመ ይረፉ ተባለና ካፖርትና ብርድ ልብስ የወሰድኩላቸው እኔ ነበርኩ። ካፖርቱን ገልብጠው ገበሩን አዩና አመሰገኑ። ከዚያ «ታዲያ ማነው የሚሄድ?» አሉኝ። ማንም መሄድ የለበትም፣ ድምፁ ይሄዳል አልኳቸው። ካፖርቱን አጥፈው አጠገባቸው አኖሩት። ደስ ያላቸው መስሎኝ ነበር።

ረቡዕ

ተዘረጋ። ከትምህርት ቤት ስወጣ ጀምረን እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት። እጄ ተልጧል፣ ሱሪዬን እሾህ ቀዶታል፣ ሙስጠፋ ከባሕር ዛፉ ላይ ሊወድቅ ትንሽ ቀርቶት ነበር።

ሙከራ አደረግን። ሙሉን ማዶ ሰፈር ሰደድኳት። ኔትወርክ ስለሌለ ምልክት ተስማማን፤ ቃሉ ጥርት ብሎ ከተሰማት ነጠላዋን ታውለበልባለች። መጀመሪያ በአሮጌው ቀጭን ገመድ ተናገርኩ። ነጠላዋ አልተነቃነቀም። ቀጥሎ በአዲሱ። ምን እንደምል ስላልተዘጋጀሁ ስለ ስበት ሕግ ተናገርኩ፤ «ማንኛውም አካል» ብዬ ጀመርኩ። ነጠላዋ ተውለበለበ! ያን ጊዜ ድምፄ ሸለቆውን ተሻግሮ፣ ገደሉን መትቶ፣ ወደ እኔ ተመለሰ። «አካል» አለኝ ገደሉ። ሃያ ሁለት ዓመት ጠመኔ የበላው ድምፅ እንደዚህ ያምራል ብዬ አስቤ አላውቅም።

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብን። ሙስጠፋ ግን ከሚሠራው ቤት የተረፈ ወፍራም ገመድ ይዞ መጥቶ ኖሮ «ይኼም ይሞከር» አለ። ተሞከረ። ነጠላዋ ተውለበለበ።

ስትመለስ የቱ ይሻላል አልኳት። ሁለተኛውና ሦስተኛው አንድ ናቸው አለች። የመጨረሻው ትንሽ ሻከር ይላል፣ አላስተዋልሽውም እንጂ አልኳት። «አንተ እዚያ አልነበርክ» ብላኝ ወደ ጓዳ ገባች።

ቢሆንም ማዶ ሰፈር ተሰምቷል። ዋናው እሱ ነው።

ሐሙስ

የሚጻፍ የለም። ዘጠነኛ ክፍሎች ፈተና ላይ አንድ ዓይነት ስህተት ሠርተዋል፤ ከአንድ ወረቀት እንደቀዱ ግልጽ ነው፣ ከሰነፍ መቅዳታቸው ነው ያናደደኝ።

ገመዱን ሄጄ አየሁት። ደህና ነው። ማይኩን ከፍቼ አንድ ሁለት ቃል ልናገር አስቤ ያለ ምክንያት ሰው ማስደንገጥ ነው ብዬ ተውኩት። ስብሰባው እሑድ ነው። እስከዚያ አንድ የሚነገር ነገር ቢመጣ ሰው ሁሉ በጆሮው ሰምቶ ይፈርድ ነበር እያልኩ ዋልኩ።

ቅሬ የሚለፈፍበት ነገር ምን እንደሆነ እያወቅኩ ነው እንዲህ ያሰብኩት። አሁን ስጽፈው ደነገጥኩ። አያድርስ።

ዓርብ

በቅደም ተከተል ልጻፈው፣ አለዚያ ነገ ሌላ አስመስዬ አስታውሰዋለሁ።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ኔትወርክ መጣና ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ሰው ነው። ከኩታበር ነው የምደውል፣ የጀማል እንድሪስ አማች ነኝ አለኝ። ጀማል የእትዬ ፋጡማ ልጅ ነው፣ የማዶ ሰፈሯ። ኩታበር ገበያ ላይ ልብስ ይሰፋል፣ እዚያው አግብቷል። ድንገት ታሞ ትናንት አረፈ፣ ትናንትናውኑም ተቀበረ አለኝ። ለቤቱ ተነገረ ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ጠይቄያለሁ። ይኼን አስምሬበታለሁ። «ቤቱ ሰምቷል። እናንተ የቅሬ ሰው አዘጋጁ» አለ። መስመሩ ተቋረጠ። መልሼ ብደውል አይገባም።

ወደ ቅሬው ቤት ሄድኩ። በጋሽ ተፈራ በር በኩል ነው ያለፍኩት፣ በሩም ገርበብ ያለ ነበር። አልገባሁም። ባትሪውን አገናኘሁ፣ አምፕሊፋየሩን ከፈትኩ፣ ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

ያልኩት ይኼ ነው፦ «የቅሬ ሰው፣ የቅሬ ሰው። የወይዘሮ ፋጡማ ልጅ፣ ጀማል እንድሪስ፣ ኩታበር ላይ አርፏል። ለቅሶ ለመድረስ ተዘጋጁ።» አጣርቼ፣ ቀስ ብዬ።

ከዚያ ከማዶ ጩኸት መጣ። የአንድ ሰው። ለቅሶ የገባበት ቤት ብዙ ድምፅ አለው፤ ጎረቤት አለ፣ ዘመድ አለ፣ አንዱ ሲያርፍ ሌላው ይቀበላል። ይኼ አንድ ድምፅ ነበር። ማይኩን እንደያዝኩ ገባኝ። ጆሮዬ ለካ ለዚህ ጊዜ ይሠራል።

እትዬ ፋጡማ አልሰሙም ነበር። መርዶውን ያረዳኋቸው እኔ ነኝ፣ በስፒከር።

ቅዳሜ

ለቅሶ ቤት ስውል ማንም ክፉ አልተናገረኝም። ቦታ ለቀቁልኝ፣ ውሃ አቀበሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ጎረቤታቸው ወርቄ ዓርብ ዕለት አብራቸው ነበረች። ደጅ ላይ ሽንብራ እያሰጡ ነበር አለች። ድምፁ ሲመጣ እትዬ ፋጡማ ብድግ አሉ፤ ከዚያ ባሉበት በጉልበታቸው ወደቁ። ሽንብራው ላይ ነው የወደቁት፣ ጉልበታቸው ተገሽልጧል። እኔ እንደገባሁ ጉልበታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑት። ለምን እንደሸፈኑት አላወቅኩም። ልክ የእኔን ነውር የሸፈኑልኝ መሰለኝ።

ሰው ወደ ኩታበር ይወስዳቸው ነበር፣ መንገዱ ግን ከዓርብ ጀምሮ ተዘግቷል። ተዝያው፣ የሐዘን መቀመጡ፣ እዚሁ ሆነ።

ጋሽ ተፈራ ከድንኳኑ ጀርባ ወስደው አነጋገሩኝ። ቤቱ ሰምቷል ነው ያለኝ፣ በጆሮዬ ነው የሰማሁት አልኩ። ሁለቴ አልኩት፤ ሁለተኛው ጊዜ ላይ ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር።

«የትኛው ቤት?» አሉኝ።

ከሰዓት በኋላ ኔትወርክ ሲመጣ አማቹን አገኘነው። «ቤቱ ሰምቷል» ያለው የጀማልን ቤት ነው፣ የሚስቱን፣ ኩታበር ያለውን። የቅሬ ሰው አዘጋጁ ያለው ደግሞ እናትየውን በማግስቱ ጎህ ሲቀድ የሚያረዱ ሽማግሌዎች አዘጋጁ ማለቱ ነበር። ጋሽ ተፈራ በስፒከር መለፈፉን ቢነግሩት ይቅርታ መጠየቅ ጀመረ፣ የሞተበት ሰው እኔን።

«ቤቱ» እና «የቅሬ ሰው»፤ ሁለቱም ቃል ተገልብጠው ነው የገቡኝ።

እሑድ

ስብሰባው ስለ ገመድ መሆኑ ቀረ። ሰው ሁሉ ጫማውን ያያል። ጋሽ ተፈራ «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» አሉና ወደ እኔ ሳያዩ ቀጠሉ። የማዶ ሰፈሩ ስፒከር ይውረድ፣ ገመዱ ይጠቅለል፣ አያ ይመር ይለመኑ። እጅ አወጣን። እኔም አወጣሁ። የሚለምናቸውም እኔ እንድሆን ተባለ፤ ካፖርቱን የወሰድኩ እኔ ነኝና።

አያ ይመር ስንዴ ሊወቁ አውድማ እየጠረጉ ነበር። ካፖርቱን አልለበሱም። ነገሩን ሰምተዋል፣ ጥሩምባ የነፋ ሰው ከማንም በፊት ይሰማል። እንዲመለሱ ለመንኳቸው። መጥረጊያቸውን አስደግፈው ተቀመጡና አሠራራቸውን ነገሩኝ። ሠላሳ ዓመት ጎረቤት ሆኜ ጠይቄያቸው አላውቅም ነበር።

ሞት ሲነገራቸው ጥሩምባ ወደሚነፉበት ጉብታ ወዲያው አይወጡም። መጀመሪያ በሟቹ ዘመድ ቤት በኩል ያልፋሉ። አይገቡም፣ አያንኳኩም፤ አጥሩ ጥግ ቆመው ያደምጣሉ። «ለቅሶ ካልሰማሁ አልነፋም» አሉኝ። «ቤቱ ዝም ካለ ወደ ሽማግሌ ነው የምሄድ።» አንዴ በክረምት ዝናብ እየወረደባቸው አጥር ስር ግማሽ ቀን ቆመዋል፤ ልጅቱ መርዶዋን እስክትረዳ። ሰው ጥሩምባው ዘገየ እያለ ያማ ነበር። እኔም አምቻለሁ፣ ስፒከር ይገዛ ያልኩት አንዱ ምክንያት ያ ነበር።

እንግዲህ «ማነው የሚሄድ» ያሉኝ ይኼን ኖሯል።

ይመለሳሉ ወይ አልኳቸው። አስበዋለሁ አሉ። «አብሽር መምህር» ብለው ትከሻዬን ነካ አደረጉኝና ወደ አውድማቸው ተመለሱ።

አሁን ለማንም ያልተናገርኩትን ልጻፍ። ዓርብ ስለፍፍ ከስሙ በኋላ ቆሜያለሁ። «ጀማል እንድሪስ» አልኩና ዝም አልኩ። ትንፋሽ አጥሮኝ አይደለም። ስሙ ገደሉን መትቶ እስኪመለስ እየጠበቅኩ ነበር። «ድሪስ» ብሎ መጣ፣ ጥርት ብሎ፣ እኔም ደስ አለኝ። ከዚያ ነው አርፏል ያልኩት። ሰው ሞቶ፣ ድምፄን እያዳመጥኩ ነበር። ጋሽ ተፈራ በር ላይ ያልቆምኩትም ለዚህ ነው። እኔ ልናገር ብለው ማይኩን ቢቀሙኝስ ብዬ ነው። የስልኩ መቋረጥ፣ የቃሉ መምታታት፣ ሁሉም እውነት ነው፣ ግን ዋናው ምክንያት ገመዱን ልሞክረው መቸኮሌ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ። የምለቅመው እንኳን አላገኘሁም።

ሰኞ

ማስተማር አልቻልኩም። ሰሌዳ ላይ ርዕሱን ጽፌ ቆምኩ። የቤት ሥራ ሰጠኋቸውና ወጣሁ።

ሙስጠፋ ገመዱን አወረደው። ጠቅልሎ ቅሬው ቤት ከድስቶቹ አጠገብ አስቀመጠው። ማሾፍ ቢፈልግ ቀኑ ነበር፣ አላሾፈም። ጥሩ ገመድ ነው መምህር፣ አንድ ቀን ይጠቅማል አለኝ። ይሸጥ አልኩት። ማን ይገዛዋል አለ። እሱም ልክ ነው፤ እዚህ መካነ ሰላም ውስጥ እንዲህ ያለ ገመድ የሚገዛ ሞኝ አንድ ነበር።

ሙሉ እራት ላይ ጠየቀችኝ። ገመዱ የወጣበትን ገንዘብ ያህል ነበር ወይ? ለመውጋት አልነበረም፣ ሐሳብ ልታስቀይረኝ ነው። አሰብኩበት። ከወፍራሙ የሱቅ ገመድ የተለየ ነገር አላደረገም፣ ያን አንቺም በነጠላሽ ነግረሽኛል አልኳት። ከቀጭኑ ግን ይለያል። በቀጭኑ ቢሆን እትዬ ፋጡማ ንብ ነበር የሚሰሙት። ወርቄን «ደግሞ ምን አለች?» ይሏት ነበር፣ ወርቄ ልትጠይቅ ትወጣ ነበር፣ መንገድ ላይ ሽማግሌዎቹን ታገኝ ነበር። ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ከጀርባቸው የሚደግፍ ሰው ይቆማል፣ ከዚያ ይነገራቸዋል። መሬት አይወድቁም ነበር።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል ክፉ ነገር ይመስለኝ ነበር። ለካ አንዳንዴ ባዳ ሆኖ ቢቆይ ደግ ነው።

ሙሉ አላጽናናችኝም። ሳህኑን አነሳችና አጠገቤ ተቀመጠች። አሥራ ስምንት ዓመት አብራኝ የኖረች ሴት ናት፣ መቼ ዝም እንደሚባል ታውቃለች።

ማክሰኞ

ሽማግሌ ይዤ ሄድኩ። ጋሽ ተፈራ፣ አንድ ቄስ፣ አንድ ሸህ። አያ ይመርም ሳይጠሩ መጥተው ከኋላችን ተከተሉ። በሩ ላይ ተንበረከኩ። ስንት ቀን ያሰናዳሁት ንግግር ነበረኝ፣ ጠፋብኝ። «እትዬ ፋጡማ፣ አፉ ይበሉኝ» ብቻ አልኩ።

«አፉ ብየሃለሁ» አሉ። ወዲያው። «የጀሊሉ ሥራ ነው። ተነስ፣ ጉልበትህ ይቆሽሻል።»

ሽማግሌዎቹ መረቁ፣ ሸህየው ዱዓ አደረጉ። በአምስት ደቂቃ አለቀ። ሁሉም ተነፈሰ፤ እኔ አልተነፈስኩም። በጣም ፈጥኖ የመጣ ይቅርታ ነበር፣ አንድ ሰው በሩን ለመዝጋት ቸኩሎ «እሺ እሺ» እንደሚለው ያለ። ሳያዩኝ ነበር ያሉት።

ስንወጣ ግን በወርቄ አስጠሩኝ። ነገ ብቻህን ና አሉኝ። ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም። አሁን እሱን እያሰብኩ ነው። ያላሉትን ሊሉኝ ይሆናል። ይበሉኝ፣ መብታቸው ነው፣ አልመልስም።

ረቡዕ

ሄጄ መጣሁ። ቀኑ አልመሸም፣ ሙሉ ገበያ ናት፣ ሳይጠፋብኝ ልጻፈው።

መደብ ላይ ተቀምጠው ነበር። ጉልበታቸው በጨርቅ ታስሯል። ተቀመጥ አሉኝ። ስለ ሙሉ ጠየቁኝ፣ ስለ ትምህርት ቤት ጠየቁኝ። ስድቡን እየጠበቅኩ መለስኩ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ በሩ እንዳደረጉ ጠየቁኝ።

«ስትጠራው ለምን ቆምክ?»

አልገባኝም አልኩ። ገብቶኝ ነበር።

«ጀማል እንድሪስ ብለህ ቆምክ። ለምን?»

እዚህ ማስታወሻ ላይ ብቻ የጻፍኩትን ነገርኳቸው። ድምፄ ከገደሉ ሲመለስ እየሰማሁ ነበር፣ ደስ ብሎኝ ነበር አልኩ። መሬት መሬት እያየሁ ነው የነገርኳቸው። እግዜርም ሰምቶኛል፣ አንድም አልቀነስኩም። ሲቆጡ ልሰማ ጠበቅኩ።

እሳቸውም ደስ ብሏቸው ነበር።

እንዲህ ነው የነገሩኝ። ሽንብራውን እያሰጡ የእሳቸው ስም በሰማይ መጣ፣ ወይዘሮ ተብለው። በሕይወታቸው ወይዘሮ ብሎ የጠራቸው የለም። ቀጥሎ የልጃቸው ስም መጣ፣ ከነአባቱ። ብድግ አሉ። ለወርቄ «ልጄን ጠሩት» አሏት። ምን ሊሉት እንደሆነ አላወቁም፤ መጥቶ ይሆናል፣ ሽልማት ይሆናል፣ ለአንድ ወግ ማዕረግ ሊያበቁት ይሆናል። እንዲህ አሳምረው የሚጠሩት ሰው ለደግ ነገር ነው እንጂ ለምን ይጠራል? አገሩ ሁሉ ስሙን ሰማ ብለው ቆሙ። «ወላሂ፣ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም» አሉ። «ከዚያ ጨረስከው።»

ለሠላሳ ዓመት ሰዋስው ሲያስተምሩ የኖሩ ባልደረቦች አሉኝ፣ የአማርኛ ግስ መጨረሻ ላይ ይመጣል ይላሉ። መጥቶ ምን እንደሚያደርግ አልነገሩኝም።

ከዚያ ዞረው አዩኝ፣ በአምስት ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ።

«ድገምልኝ» አሉ። «አትጨርሰው እንጂ።»

እዚያው እንደተቀመጥኩ ጠራሁ። «የወይዘሮ ፋጡማ ልጅ፣ ጀማል እንድሪስ።» ድምፄ መሐል ላይ ተሰነጠቀ። አፌን ዘጋሁ። ዓይናቸውን ጨፍነው ጠበቁ። የሣር ጣራ ያላት ጠባብ ቤት ናት፣ ድምፁ ግድግዳው ላይ ሞተ።

ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እንዲህ አልነበረም» አሉኝ። «ያኔ ያምር ነበር።»

በዚያው በማሽኑ እንድጠራው ይፈልጋሉ። አንድ ጊዜ። ደጅ ወጥተው፣ ቆመው ሊሰሙት። እሺ አልኳቸው። ሳላስብ ነው ያልኩት፣ ግን ቢያሳስቡኝም እሺ ነው የምል።

አሁን ቤቴ ተቀምጬ አስባለሁ። ስፒከሩ በስብሰባ ወርዷል፣ እጄን አውጥቼ ያወረድኩት ራሴ ነኝ። የሞተ ሰው ስም በጠራራ ፀሐይ ሲጠራ አገሩ ምን ይላል? መምህሩ ለየለት ይባላል። ኩታበር ያለችው ሚስቱ ብትሰማስ? ሸህየውስ? አያ ይመር ይረዱኝ ይሆናል፣ እሱም እንጃ። ነገ ጠዋት መጀመሪያ ጋሽ ተፈራ ቤት እሄዳለሁ፤ በዚህ ጊዜ በሩ ላይ እቆማለሁ። ከፈቀዱ ሙስጠፋ ባሕር ዛፉ ላይ ይወጣል። የትኛውን ገመድ ልዘርጋ ቢለኝ፣ የትኛውንም እለዋለሁ።

ለጋሽ ተፈራ ግን ምን ብዬ እንደምጀምር ገና አላገኘሁትም።